የኤርባግ መብራት አልጠፋ ሲል፦ ከፖሊስ አገልግሎት ወጥቶ የተጠገነ መኪና ሽቦ አፈታተሽ

የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ምርት እ.ኤ.አ. በ2011 ካናዳ ውስጥ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል። ከአሜሪካ ፖሊስ በጨረታ የተሸጡት ‹ፖሊስ ኢንተርሴፕተር› የተባሉት ግን ዛሬም መንገድ ላይ ይታያሉ። ብዙዎቹ ታክሲ ሆነው ሠርተዋል፤ በዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዱ ኢትዮጵያውያንም ጠባያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሻሲያቸው ጠንካራ ነው፤ 4.6 ሊትሩ ሞተርም ዕድሜ አለው። ፈተናው ሽቦው ነው።

የእነዚህ መኪኖች ሽቦ ብዙ እጅ ነክቶታል። መጀመሪያ ሬዲዮ፣ ሲሪን እና የጣሪያ መብራት ሲገጠም ተከፈተ። ከአገልግሎት ሲወጡ ያ ሁሉ ዕቃ በጥድፊያ ተነቀለ። ተጋጭቶ የተጠገነ ከሆነ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ተነካክቷል። ስለዚህ የኤርባግ ብልሽት የሚፈልግ መካኒክ አዲስ ክፍል ከመግዛቱ በፊት ሰው የነካካውን ቦታ ማየት አለበት።

1. መብራቱን ማንበብ። ቁልፉ ሲከፈት የኤርባጉ መብራት ለ6 ሰከንድ ያህል በርቶ መጥፋት አለበት። ከቶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም ብልሽቱን ለመደበቅ ሆን ተብሎ ተነቅሏል። ፎርድ ለዚህ መላ አበጅቶለታል፦ ብልሽት እያለ መብራቱ ካልሠራ መኪናው በተከታታይ አምስት ጊዜ ጢጥ ይላል። መብራቱ በርቶ ከቀረ የኤርባግ ሞጁልን ማንበብ የሚችል ስካነር ያስፈልጋል፤ የሞተር ኮድ ብቻ የሚያነበው ርካሽ መሣሪያ አይበቃም። ለምሳሌ ቢ1932 የሾፌሩ ኤርባግ መስመር መቋረጡን፣ ቢ1933 ደግሞ የተሳፋሪውን ያመለክታል።

2. ኃይል ማቋረጥ። ቁልፉ ይዘጋል፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀላል፤ ከዚያ ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ግድ ነው። ሞጁሉ በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢቋረጥም ኤርባጉን ለማፈንዳት የሚያስችል ኃይል አጠራቅሞ ይይዛል። አስር ደቂቃ መታገሥ ይመከራል። የወጣ ኤርባግ የሚቀመጠው ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ኤርባጉን ራሱን በኦም መለኪያ መንካት በፍጹም አይፈቀድም፤ ከመለኪያው የሚወጣው ጥቂት ኃይል ሊያፈነዳው ይችላል።

3. በዓይን መፈተሽ። የኤርባግ ሶኬቶች ቢጫ ናቸው። ሬዲዮና ሲሪን ተገጥሞበት ከነበረው መካከለኛ ቦታ ጀምሮ ዳሽቦርዱ ሥር በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ፣ የተላጠ ሽቦ፣ ብሎን የበሳው መስመር ይፈለጋል። ቀጥሎ ወንበሩ ሥር ይታያል፦ የጎን ኤርባግ ያለው ወንበር በሌለው ተቀይሮ ከሆነ ሞጁሉ መስመሩን እንደተቆረጠ ይቆጥረዋል። በመጨረሻ የፊት ሴንሰሩ፣ የሴንሰሩ ብሎን እና ማሳው ከዝገት ነጻ መሆናቸው ይረጋገጣል።

4. መስመሩን መለየት። ሞጁሉ በኤርባጉ መስመር ላይ የሚጠብቀው 2 ኦም ገደማ ነው፤ በሶኬት ጥርስ ላይ ያለ ትንሽ ዝገት እንኳ መብራቱን ለማብራት ይበቃል። በኤርባጉ ቦታ 2 ኦም የሆነ የሙከራ ሬዚስተር ይሰካል፣ ባትሪው ይመለሳል፣ ኮዱ እንደገና ይነበባል። ኮዱ ካልተመለሰ ችግሩ ያለው ኤርባጉ ወይም ሶኬቱ ላይ ነው። ከተመለሰ ግን ሽቦው ወይም መሪው ሥር ያለው ክሎክ ስፕሪንግ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ቢጫው ሶኬት ሲነቀል ውስጡ ያለች ትንሽ ብረት ኤርባጉ በድንገት እንዳይፈነዳ ሁለቱን ጥርሶች ታገናኛለች። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ሽቦ ኮርቶ አድርጓል ብሎ ቆርጦ ይጥላል።

5. ክሎክ ስፕሪንግ። ይህ ክፍል የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። በጥገና ወቅት የመሪው ዘንግ ተፈትቶ መሪው እንዳሻው ከተሽከረከረ ይበጠሳል። ክላክሱም አብሮ ከጠፋ፣ ወይም መብራቱ መሪ ሲዞር ብልጭ ድርግም ካለ ምልክቱ ግልጽ ነው። አዲሱ የሚገጠመው የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው፣ ክፍሉም መሐል ላይ ሆኖ ነው።

6. መጠገንና ማረጋገጥ። የተቆረጠ ሽቦ አጣምሞ በናስትሮ መጠቅለል ለኤርባግ አይሆንም፤ አምራቹ በጥገና መጽሐፉ ባዘዘው መንገድ ተያይዞ ውሃ እንዳይገባው ይታሸጋል። በግጭት ኤርባግ ያፈነዳ ሞጁልም መዝገቡን ስለሚይዝ ይቀየራል፤ የሚተካው የክፍል ቁጥሩ ከመኪናው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2024 ከግጭት በኋላ በሚገጠሙ ርካሽ የኤርባግ ማፈንጃዎች ሰዎች መሞታቸውን አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ ደረሰኝ የሌለው ኤርባግ አይገጠምም።

ኮዱ ከጠፋ በኋላ መኪናው ጎርባጣ መንገድ ላይ ይነዳል፣ መሪው በሁለቱም አቅጣጫ እስከ ጥጉ ይዞራል፣ ስካነሩም ዳግም ይሰካል። የሚሸጥ ከሆነ የኮዱ ንባብና የክፍሎቹ ደረሰኝ ለገዢው አብረው ይሰጡታል።