አስታማሚ የሌለው በሽተኛ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። በዕለቱ የምንሰማው በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በሕመም ስለ ቆየው ሰው ነው (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ሰውየው የደዌውን ጽናት አልዘረዘረም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የተናገረው። ውኃው አለ፣ ፈውሱም አለ፤ የታጣው ሰው ነው። እኛም በየዓመቱ ተአምራቱን ሰምተን እናደንቃለን እንጂ፣ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በአጠገቡ ካለፉት መካከል እንሆን ወይ ብለን ራሳችንን አንጠይቅም።

ባለፈው ዓመት በገና ሰሞን ስድስት ሆነን በሽተኞችን ልንጠይቅ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድን። ዘመርን፤ የያዝነውን ብርቱካንም በየአልጋው አደልን። ከሩቅ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ብርቱካኑን ተቀብለው ከመረቁን በኋላ፣ ከትራሳቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡን። የመድኃኒት ማዘዣ ነበር። ከታዘዘላቸው ሁለት ቀን ሆኖታል። መድኃኒቱ ከግቢው ውጭ እንዲገዛ ተነግሯቸዋል፤ ይዟቸው የመጣው ልጃቸው ግን እህሉ አውድማ ላይ ስለ ነበር ወደ አገሩ ተመልሷል። ገንዘቡ በመቀነታቸው ተቋጥሯል፤ ሄዶ የሚገዛላቸው ሰው አልነበረም። ከእኛ አንዱ ሮጦ በሩብ ሰዓት ገዝቶ ተመለሰ። በመንገድ ስንመለስ ማናችንም ብዙ አልተነጋገርንም። ወረቀቱን ባያሳዩን ኖሮ ብርቱካን ሰጥተን፣ ተመርቀን፣ ደስ ብሎን እንሄድ ነበርና።

ሀ/ ጸሎትና ሕክምና

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን ማጉደል የሚመስላቸው ወገኖች አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን እንዲህ አይደለም። በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ፣ የታመመ ሰውም ወደ እርሱ እንዲጸልይና ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጥ ተጽፏል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር (ቈላ. 4፥14)። ካህናት ለታመመው ጸልየው ዘይት የሚቀቡበት ምሥጢረ ቀንዲልም (ያዕ. 5፥14) መድኃኒትን የሚከለክል አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበል የሚጠመቁ የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። የሳንባ ነቀርሳም ሆነ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ቀድሞ ያድን የነበረው ኋላ የማይሠራበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ መድኃኒቱን ትቶ ወደ ጠበል የሚሄድ ወንድም ብናይ ዝም ማለታችን ፍቅር አይሆንም።

ለ/ የቅዱስ ባስልዮስ ምሳሌ

በስሙ የተሰየመውን ቅዳሴ የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት የቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ለበሽተኞች፣ ለድሆችና ለእንግዶች ሰፊ መጠለያ አሠራ። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ራሱ ቀርቦ እንዳቀፋቸው ወዳጁ ጎርጎርዮስ ዘናዚያንዙ መስክሮለታል። ሥራው መንግሥትን ይጎዳል ብለው በአገረ ገዥው ዘንድ በከሰሱት ጊዜም፣ ለገዥው ለኤልያስ ደብዳቤ ጽፎ ሐኪሞች፣ አስታማሚዎችና የጭነት እንስሳት ለምን እንደሚያስፈልጉ አስረዳ። እንግዲህ ቅዱሱ ሁለቱንም አድርጓል፤ በእጁ አስታምሟል፣ ስለ ሕሙማንም ከባለ ሥልጣን ጋር ተነጋግሯል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ይዘን ሌላውን እንጥላለን። መንግሥትን የሚወቅስ በሽተኛ አይጠይቅም፤ በሽተኛ የሚጠይቀውም ስለ ሕክምናው ሥርዓት አያስብም።

ሐ/ ሸክምን መካፈል

ደጉ ሳምራዊ ቍስሉን አስሮ ብቻ አልሄደም። ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ የሚጨምረውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥35)። ርኅራኄው ሥርዓት ነበረው ማለት ነው። በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ከዚህ ሐሳብ የራቀ አይደለም። ቤተሰቡ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። ጤነኛው የታመመውን ይደግፋል፤ ሐዋርያው ሸክምን ስለ መሸከም ካስተማረውም ጋር ይስማማል (ገላ. 6፥2)። ይሁን እንጂ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያው በመጥፋቱ ከውጭ እንዲገዛ የሚታዘዝ ድኻ አለ። ይህ እንዲስተካከል መጠየቅ የክርስቲያን ግዴታ እንጂ ጣልቃ ገብነት አይደለም።

ወደ ራሳችንም እንመልከት። አብዛኛው እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለኀዘን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ለሬሳ ሣጥኑ በአንድ ቀን ገንዘብ የምናወጣለት ጎረቤታችን፣ በሕይወት ሳለ ለመድኃኒት ሲቸገር አልሰማን ከሆነ ፍቅራችን ዘግይቷል።

መ/ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ጥየቃችን በበዓል ቀን ብቻ አይሁን። ተራ ገብተን በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ ነርሶችን አስፈቅደን፣ አስታማሚ የሌለውን እንፈልግ። ማዘዣ እናንብብ፣ መድኃኒት እንግዛ፣ ለቤተሰቡ ስልክ እንደውል።

2ኛ/ በጤና መድን ምዝገባ ወቅት ማንበብ ለማይችሉ የአጥቢያችን አረጋውያን ወረቀቱን እንሙላላቸው። ከድኾች መዝገብ የተዘለሉትን ቤተሰቦች ለሰበካ ጉባኤው እናስታውቅ።

3ኛ/ ወላጆቻችን በእድራቸው ለታመመ አባል የሚሆን ጥቂት ገንዘብ እንዲለዩ በትሕትና እንጠይቃቸው።

ጌታችን በመጨረሻው ቀን ታሞ እንደ ጠየቅነው ወይም እንዳልጠየቅነው ይነግረናል (ማቴ. 25፥31-46)። ያን ጊዜ ከትራስ ሥር የቀረው ወረቀት የማን እንደ ነበረ እንረዳለን። ከዚያ በፊት እንድንረዳው አምላካችን ይርዳን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የመጻጉዕ ችግር ከሕመሙ ሌላ ምን ነበር? በአጥቢያችን እንደ እርሱ ያለ ማን አለ?
2. ጠበልና መድኃኒት የማይጣሉት ለምንድን ነው?
3. ቅዱስ ባስልዮስ ካደረጋቸው ከሁለቱ እኛ የጎደለን የትኛው ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።