መንገደኛ ከወሰን ማዶ ሲመለስ ስለሚደረግ ጥንቃቄ

በ1880 ዓ.ም. ግድም ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል የገቡ ከብቶች የደስታን በሽታ ወደ አገራችን አመጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛው የአገሩ ከብት አለቀ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፤ ረኃብም ገባ። ያ ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን ይባላል። ደስታ በክትባት ብርታት ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ተነግሯል። በሽታው ቢጠፋም የመጣበት መንገድ ግን አልተዘጋም።

ዛሬ በዚሁ መንገድ ከሚመላለሱት አንዱ አፍተግር ነው። ከብቱ ለሐጩ ይዝረከረካል፤ አፉና በሰኮናው መካከል ይቆስላል፤ ያነክሳል፤ ላሟ ትነጥፋለች፤ ጥጃም ድንገት ሊሞት ይችላል። «አፍተግር እኮ በኛም አገር አለ፤ ከብቶቻችን ለምደውታል» የምትሉ አላችሁ። አለ፤ ነገር ግን ዓይነቱ ብዙ ነው። ከአንዱ የዳነ በሬ ሌላው ዓይነት ሲመጣበት እንደ አዲስ ይታመማል፤ ውቂያ ላይ ከሆነ ደግሞ አውድማው ባዶ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ፣ ወይም ወሰን ተሻግሮ ከሱዳን በኩል ሲመለስ እግሩን ታጥቡታላችሁ፤ ደግ ወግ ነው። የሚያሳዝነው፣ እግሩ ታጥቦ ፋንድያ የረገጠው ጫማ ከነጭቃው በረት አጠገብ መጣሉ ነው። የአፍተግር ጀርም በጫማ፣ በልብስ፣ በዱላና በገመድ ላይ፣ ይልቁንም ጥላና እርጥበት ባለበት፣ ብዙ ቀን ይቆያል። ስለዚህ ጫማው ደጅ ላይ በእንጨት ይፋቅ፣ በውኃና በሳሙና ይታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ፋንድያው ሳይፋቅ በረኪና መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። እጣቢውን ከብት ከሚጠጣበት አርቃችሁ ድፉ። ልብሱም በዚያው ቀን ይታጠብ፤ እሱም ገላውን ሳይታጠብ በረት አይግባ። «ገና ሳልቀመጥ?» ብሎ ይቆጣ ይሆናል፤ ቡናው እስኪፈላ ውኃውን ማቅረብ ነው።

ፍየል ወይም ጊደር ገዝቶ ከመጣ ነገሩ ይብሳል፤ ደኅና የምትመስል ከብት በሽታውን ይዛ ሊሆን ይችላላ። 3 ሳምንት ለብቻዋ ትታሰር። መጀመሪያ የቤቱን ከብት መግቡ፣ አዲሷን መጨረሻ፤ ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። ለሐጭ ወይም ማንከስ ካያችሁ ወደ ገበያ አታውጧት፤ ለእንስሳት ሐኪም ቶሎ ንገሩ።

አፍተግር ሰውን እምብዛም አይነካም፤ እኔም የከብት ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ላሟ የነጠፈችበት ቤት ሕፃኑ ሲከሳ ስለማይ ነው። ወተትም ቢኖር ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥ። ጥሬ ሥጋና ያልደረቀ ቆዳ ከወሰን ማዶ ስጦታ ሆኖ አይምጣ፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይበቃል።