ወሰኑ የታወቀ ዐረፍተ ነገር

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ ስለ ገላጭ ድርሰት በተማራችሁ ጊዜ የአንድን ነገር መልክና አሠራር አንባቢው በዐይነ ሕሊናው እንዲያየው አድርጎ መጻፍን ተለማምዳችኋል። በዚህ ትምህርት ከዚያ የጠበቀ ሌላ ዐይነት ገለጻ ትመለከታላችሁ። ጸሐፊው አንድን ነገር የሚገልጸው አንባቢው እንዲያየው ብቻ ሳይሆን፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ለይቶ እንዲያውቀው የሚሆንበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ገለጻ ለነገሩ ወሰን ያበጅለታል።

አንድ ገበሬ «መሬቴ ሰፊና ለም ነው» ብሎ ቢጽፍ መሬቱን አሞገሰ እንጂ ወሰኑን አላሳወቀም። «መሬቴን በምሥራቅ ወንዙ፣ በምዕራብ የመኪና መንገዱ፣ በሰሜን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ በደቡብ ገደሉ ያዋስኑታል» ቢል ግን መሬቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ለማንም ግልጽ ነው። ክርክር ቢነሣ ዳኛው የሚመለከተው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ነው። ለአእምሮ ውጤትም እንደዚሁ ወሰን የሚያበጅ ጽሑፍ አለ። ይህን ጽሑፍ የምናገኘው በፓተንት ማመልከቻ ውስጥ ነው።

ለ. ፓተንት ምንድን ነው?

ፓተንት የአንድ አዲስ ሥራ ፈጣሪ ሌሎች ሰዎች ሥራውን ያለ ፈቃዱ እንዳይሠሩበትና እንዳይሸጡት ለተወሰነ ዘመን ለመከልከል የሚያስችለው መብት ነው። ፈጣሪው በበኩሉ የሥራውን ምስጢር ለሕዝብ በጽሑፍ ይገልጻል፤ ዘመኑም ሲያበቃ ማንም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። የቬኒስ ሪፑብሊክ እንዲህ ያለውን ሕግ በ1474 እ.ኤ.አ. አውጥታለች። አሜሪካ የመጀመሪያውን የፓተንት ሕግ በ1790 እ.ኤ.አ. ያወጣች ሲሆን፣ በ1836 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማመልከቻዎችን በባለሙያ የሚያስመረምር መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም አድርጋለች። በብዙ አገሮች መብቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ይጸናል። በአገራችን ጉዳዩ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ፓተንት 15 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል።

ማመልከቻው ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም መግለጫ፣ ሥዕልና የይገባኛል ጥያቄ ናቸው። መግለጫው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል፤ ሥዕሉ ያሳያል፤ የይገባኛል ጥያቄው ግን «የእኔ የሆነው ከዚህ እስከዚህ ያለው ነው» ብሎ ወሰን ያኖራል። የአሜሪካ የፓተንት መርማሪዎች መመሪያ እያንዳንዱ የይገባኛል ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ እንዲጻፍ ያዝዛል። በ1973 እ.ኤ.አ. በሙኒክ የተፈረመው የአውሮፓ የፓተንት ስምምነትም የይገባኛል ጥያቄ ግልጽና አጭር፣ በመግለጫውም የተደገፈ እንዲሆን ይጠይቃል። እንግዲህ የብዙ ዓመት ልፋት መብት የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚህ ዐረፍተ ነገር መሆኑን ልብ በሉ።

ሐ. ምንባብ፦ የጣሪያው ክዳን ምርመራ

ቀጥሎ ያለው ታሪክ ለትምህርቱ ሲባል የተዘጋጀ ነው። በጥሞና አንብቡት።

አንድ የመኪና ሠራተኛ በእጅ እየተገፋ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ በተፈለገውም ስፍራ ላይ የሚቆም የመኪና ጣሪያ ክዳን ሠራ። ክዳኑ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። ሠራተኛው ማመልከቻውን ሲያቀርብ የይገባኛል ጥያቄውን እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«በእጅ የሚንቀሳቀስ የተሽከርካሪ ጣሪያ ክዳን፣ ጥሩ ሐዲድ ያለው፣ መቀርቀሪያው በቀላሉ የሚለቀቅ።»

መርማሪው ጽሑፉን ካነበበ በኋላ ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ አለመሆኑን በደብዳቤ አስታወቀ። አመልካቹም አርሞ እንደገና ጻፈ፦

«በተሽከርካሪ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ተንሸራታች ክዳን ሲሆን፣ ክዳኑ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ሐዲዶችና ክዳኑን ለማንቀሳቀስ በእጅ የሚሠራ እጀታ ያሉት።»

አሁን ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ስለዚህ መርማሪው ወደ ፍለጋ ሄደ። በ1971 እ.ኤ.አ. በስትራስቡርግ በተፈረመው ስምምነት የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፓተንት አመዳደብ ተከፋችና ተነሺ ለሆኑ የተሽከርካሪ ጣሪያዎች የራሳቸው ምድብ አለው፤ ምልክቱም ቢ60ጄ 7 ነው። መርማሪው በዚህ ምድብ ያሉትን የቀድሞ ሰነዶች አገላብጦ ሲያበቃ፣ በአገራችን «ቮልስ» እየተባለ የሚጠራውን የቮልስዋገን መኪና አስታወሰ። የዚህ መኪና ተከፋች ጣሪያ ቀድሞ ተጣጣፊ ጨርቅ ነበረ። ከ1964 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ግን በእጅ በሚዞር እጀታ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት የብረት ክዳን ተተካበት። ክዳን፣ ሐዲድ፣ በእጅ የሚሠራ እጀታ፤ በጥያቄው የተዘረዘረው ሁሉ በዚያ መኪና ላይ አለ። ስለዚህ መርማሪው «የጠየቅኸው ነገር አዲስ አይደለም» ሲል ጻፈለት።

አመልካቹ የራሱ ክዳን ከቮልሱ ክዳን የሚለይ መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን ልዩነቱን በጥያቄው ውስጥ አላሰፈረውም ነበር። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲህ ጻፈ፦

«በተሽከርካሪ ጣሪያ ላይ የሚገጠም ተንሸራታች ክዳን ሲሆን፣ 1ኛ/ ክዳኑ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ሐዲዶች፣ 2ኛ/ ከሐዲዶቹ በአንደኛው ላይ በተርታ የተሠሩ ጥርሶች፣ 3ኛ/ ክዳኑን በእጅ ለመግፋትና ለመሳብ የሚያገለግል እጀታ፣ 4ኛ/ ከእጀታው ጋር የተያያዘና ሞላ እየገፋው በጥርሶቹ መካከል የሚገባ መቀርቀሪያ ያሉት፤ እጀታው ሲጨበጥ መቀርቀሪያው ከጥርሶቹ የሚወጣ፣ እጀታው ሲለቀቅ መቀርቀሪያው ተመልሶ ገብቶ ክዳኑን ባለበት ስፍራ የሚያቆም።»

መርማሪው ይህን ባነበበ ጊዜ ሁለተኛ ጥያቄ አነሣ። ነገሩ አዲስ ቢሆንም እንኳ፣ ለሙያው ሰው ያለ ብዙ ድካም የሚታሰበው ነውን? የመኪና ወንበር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ ከሥሩ ያለ መቀርቀሪያ በሞላ እየተገፋ በሐዲዱ ጥርሶች ወይም ቀዳዳዎች ውስጥ እንደሚገባ የታወቀ ነው። የወንበሩን መቀርቀሪያ ወደ ጣሪያው ማውጣት ብቻውን ፈጠራ ይባላልን? አመልካቹ ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በመጀመሪያው መግለጫው ውስጥ ጽፎ ከሆነ አሁን ወደ ይገባኛል ጥያቄው ሊያመጣው ይችላል። ያኔ ያልጻፈውን ግን በዚሁ ማመልከቻ ውስጥ ሊጨምር አይፈቀድለትም። መልስ የሚሰጥበትም ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ለምሳሌ በአሜሪካ ሕግ ከ6 ወር ሊበልጥ አይችልም።

መ. ማብራሪያ

ከምንባቡ ለዐረፍተ ነገር አሠራር የሚጠቅሙ አምስት ነገሮችን እንመልከት።

1. የቅጽል ስፍራ። «በእጅ የሚንቀሳቀስ የተሽከርካሪ ጣሪያ ክዳን» በሚለው ሐረግ ውስጥ በእጅ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ጣሪያው በሙሉ ነው ወይስ ክዳኑ ብቻ? ሐረጉ ሁለቱንም ይቀበላል። በአማርኛ ገላጩ ከሚገለጸው ስም ስለሚቀድም፣ በመካከላቸው ሌላ ስም ሲገባ ትርጉሙ ይሻማል። መፍትሔው ገላጩን ከሚገልጸው ስም አጠገብ ማኖር ነው፤ «በተሽከርካሪ ጣሪያ ላይ የሚገጠም፣ በእጅ የሚንቀሳቀስ ክዳን» ሲባል ጥርጣሬው ይወገዳል። የዘርፍ አያያዡ «የ» የሚገባበት ስፍራም ትርጉም ይለውጣል። «የትልቅ ሰው ቤት» ሲባል ትልቁ ሰውየው ነው፤ «ትልቅ የሰው ቤት» ሲባል ግን ትልቁ ቤቱ ነው።

2. መለኪያ የሌላቸው ቃላት። «ጥሩ»፣ «በቀላሉ»፣ «ጠንካራ»፣ «ዘመናዊ» የሚሉት ቃላት ሚዛናቸው በተናጋሪው ልብ ውስጥ ነው። ለአንዱ ቀላል የሆነው ለሌላው ከባድ ነው። በሦስተኛው ጽሑፍ ውስጥ «በቀላሉ የሚለቀቅ» የሚለው ቀርቶ «እጀታው ሲጨበጥ ከጥርሶቹ የሚወጣ» የሚል መተካቱን አስተውሉ። ጸሐፊው አስተያየቱን ትቶ ድርጊቱን ጻፈ።

3. የታወቀና ያልታወቀ ስም። በስም መጨረሻ የሚጨመረው ምእላድ ስሙ ቀደም ብሎ የተነሣ መሆኑን ያመለክታል፤ «ክዳን» ብለን «ክዳኑ»፣ «እጀታ» ብለን «እጀታው» እንላለን። በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ግን «መቀርቀሪያው» የሚለው ቃል የመጣው መቀርቀሪያ መኖሩ ሳይነገር ነው። አንባቢው «የቱ መቀርቀሪያ?» ብሎ ይጠይቃል። መርማሪዎች እንዲህ ያለውን ጉድለት በማግኘታቸው ብቻ ጥያቄውን ይመልሱታል። እናንተም ያላስተዋወቃችሁትን ነገር እንደታወቀ አድርጋችሁ አትጥሩት።

4. ቃል ሲጨመር ወሰን ይጠብባል። ሁለተኛው ጽሑፍ አጭር በመሆኑ ሰፊ ነበረ፤ ስለ ሰፋም በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ወደቀ። ሦስተኛው ረጅም በመሆኑ ጠበበ። ጥበቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ጥያቄው «ሞላ» ስለሚል፣ መቀርቀሪያውን ያለ ሞላ በማግኔት የሚያሠራ ሌላ ሰው ከወሰኑ ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ጸሐፊ ስለ እያንዳንዱ ቃል «ይህ ባይኖር ምን ይጎድላል? ቢኖርስ ምን ያሳጣል?» እያለ ይመዝናል። «ሐዲድና እጀታ ያሉት» እና «ሐዲድና እጀታ ብቻ ያሉት» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀትም ልብ በሉ። የመጀመሪያው ሌላ ተጨማሪ ዕቃ ያለበትን ክዳን ይጨምራል፤ ሁለተኛው ግን «ብቻ» በምትለው ቃል በሩን ይዘጋል።

5. የመስተዋድድ ኃይል። በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሼፍ አሜሪካ በተባለና ላም ዌስተን በተባለ ድርጅት መካከል የተነሣውን ክርክር ሲወስን የተመለከተው አንድ መስተዋድድን ነበረ። የሼፍ አሜሪካ ፓተንት ሊጡ ከ400 እስከ 850 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት «እስኪደርስ» እንዲሞቅ የሚል ነበር። ድርጅቱ ለማለት የፈለገው ሊጡ ያን ያህል በሚሞቅ ምድጃ «ውስጥ» ይብሰል ነው። ሊጡ ራሱ ያን ያህል ቢሞቅ አርሮ ከሰል ይሆናል። ቢሆንም ፍርድ ቤቱ የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አልወስድም፣ ዐረፍተ ነገሩንም አላርምም ብሎ ፈረደ። ባለ ፓተንቱም ተረታ።

ሠ. ማጠቃለያ

የቃላት ጥንቃቄ ያልተፈጠረውን ነገር እንደተፈጠረ አያደርገውም፤ የጣሪያው ክዳን ከወንበሩ መቀርቀሪያ ካልተለየ የትኛውም ዐረፍተ ነገር ሊለየው አይችልም። ነገር ግን በእውነት የተፈጠረ ሥራ በአንድ ቃል ጉድለት ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ ይችላል። ያልተወሰነ ጽሑፍ ሕዝብንም ይጎዳል፤ ከሌላው መሬት ጋር የት እንደሚዋሰን ያልታወቀ ይዞታ ጎረቤትን ሁሉ ያሰጋልና። ይህ ለፈጠራ ሥራ ብቻ የተነገረ አይደለም። የኪራይ ውል፣ የእድር ደንብ፣ የምስክርነት ቃል፣ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ ሁሉ አንባቢው እናንተን ጠርቶ «ምን ማለትህ ነው? ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድል እንደሌለው አስቡ። በዚያን ጊዜ ለእናንተ የሚናገርላችሁ በወረቀቱ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ረ. መልመጃ

1. «አዲስ የተማሪ መጽሐፍ» እና «የአዲስ ተማሪ መጽሐፍ» በሚሉት ሐረጎች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ።

2. «ከእንጨት የተሠራ የቤት በር መዝጊያ» የሚለው ሐረግ ስንት ትርጉም አለው? ለእያንዳንዱ ትርጉም የማያሻማ ሐረግ ጻፉ።

3. ከሚከተለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መለኪያ የሌላቸውን ቃላት አውጥታችሁ በድርጊት ወይም በልክ ተኩዋቸው፦ «ቆንጆ ምድጃ ሲሆን እሳቱ ቶሎ የሚያያዝ፣ ጭሱም ብዙ የማያስቸግር።»

4. በሁለተኛው የይገባኛል ጥያቄ ውስጥ በአንድ ስም ላይ የታወቀነትን የሚያመለክት ምእላድ ተጨምሯል። ስሙን ፈልጋችሁ፣ ምእላዱ ሳይጨመርበት መጀመሪያ የተጠቀሰበትን ስፍራ አመልክቱ።

5. ጀበናን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ግለጹ። ገለጻችሁ ማንኛውንም ጀበና የሚያካትት፣ ማንቆርቆሪያን ግን የማያስገባ ይሁን። ከጻፋችሁ በኋላ ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋወጡና አንዳችሁ ለሌላው መርማሪ ሁኑ፤ በገለጻው ውስጥ ሊገባ የሚችል፣ ጀበና ያልሆነ ዕቃ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ ለጸሐፊው በጽሑፍ አስታውቁት። ጸሐፊውም አርሞ እንደገና ይጻፍ።