ካርታውን እንደ ስንቅ ከቤት ይዛችሁ ውጡ



በዚህ እትም የምንማረው አንድ ቀላል ነገር ነው፦ ረጅም መንገድ በመኪና ከመሄዳችን በፊት ካርታውን ስልካችን ላይ አውርደን መያዝ። እንዲህ ካደረግን ኢንተርኔት ቢጠፋም መንገዱ አይጠፋብንም። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ለምን እንደምጽፍላችሁ ግን መጀመሪያ ላጫውታችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ጦር ሠራዊት በገባ ጊዜ የቃለ መሐላው ቴኬስ የተደረገው በነጌብ፣ ከቤታችን ሩቅ በሆነ ቦታ ነበር። እኔ ሥራ ስለነበረኝ አብሬ አልሄድኩም። ቦታውን ለእማዬ በዋትስአፕ ላክሁላትና "በቃ፣ እሱን ተጫኑት፣ ዌይዝ ያደርሳችኋል" አልኳቸው። ምግቡን ጭነው በጠዋት ወጡ። መንገዱን ካጋመሱ በኋላ የስልኩ ባትሪ አለቀ። ቻርጅ አድርገው ሲያበሩት ኔትወርክ የለም፤ ተይዞ የነበረው መንገድም ጠፍቷል። አባዬ መኪና በመንዳት የቆየ ሰው ነው፤ ዕብራይስጥ ማንበብ ግን ይከብደዋል፣ አካባቢውንም አያውቀውም። አንድ መገንጠያ አለፉ፣ ተመለሱ፣ ሰው ጠየቁ። ሲደርሱ ቴኬሱ አልቆ ወታደሮቹ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ፎቶ ይነሱ ነበር። ወንድሜን ያገኙት ብቻውን ቆሞ በሩን በሩን ሲያይ ነው።

አባዬ አልተቆጣኝም። "አገር ቤት እኮ ገበያ ስንወርድ እንኳ ስንቅ ሳንይዝ አንወጣም ነበር፤ እዚህ በባዶ እጃችን ወጣን" ብቻ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አድራሻ ሰጠኋቸው እንጂ መንገድ አልሰጠኋቸውም።

በሥራዬም ላይ ይህንኑ አያለሁ። "ልጄ ሲመጣ እንሄዳለን" የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። መኪና አላቸው፣ መንጃ ፈቃድ አላቸው፣ ግን ስልኩን የሚያውቀው ልጅ ከሌለ ሩቅ አይወጡም። ይህ መቅረት አለበት።

ስልክ መንገዱን የሚያውቀው እንዴት ነው?

ስልኩ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው እናንተ የት እንዳላችሁ ማወቅ ነው። ይህንን ጂፒኤስ በሚባለው መንገድ በሰማይ ካሉ ሳተላይቶች ይቀበላል፤ ኢንተርኔትም ገንዘብም አይጠይቅም። ሁለተኛው የካርታው ሥዕል ነው። ይህ በኢንተርኔት እየተቆራረሰ ይመጣል። ኔትወርክ፣ እኛ ቤት "ክሊታ" የምንለው፣ ሲጠፋ ሰማያዊዋ ነጥብ ትቀራለች፣ ከሥሯ ያለው ሥዕል ግን ባዶ ይሆናል። እንግዲህ ሥዕሉን አስቀድመን ካወረድን ሁለቱም በእጃችን ናቸው ማለት ነው።

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ዌይዝ ካርታ አስቀድሞ ማውረጃ የለውም። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ካስጀመራችሁት ያንን መንገድ ይዞ ይቀጥላል። ነገር ግን ስልኩ ከጠፋ ወይም ከመንገዱ ከወጣችሁ፣ ያለ ኔትወርክ አዲስ መንገድ መፈለግ አይችልም። ዌይዝን ተዉት አልልም፤ ለመንገድ መጨናነቅ ጥሩ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም።

አወራረዱ በጉግል ማፕስ

1. ጉዞው ሊሆን ባለበት ዋዜማ፣ ቤት ውስጥ በዋይፋይ አድርጉት። ዋይፋይ ከሌላችሁ ዘመድ ቤት ወይም ማትናስ ሄዳችሁ ሥሩት። በስልኩ የኢንተርኔት ጥቅል ካወረዳችሁ ጥቅሉን ሊጨርስባችሁ ይችላል።

2. ጉግል ማፕስን ክፈቱ። ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ፎቶ ወይም የስማችሁን ፊደል የያዘች ክብ ተጫኑ።

3. ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ "ኦፍላይን" የሚል ቃል ያለበትን መስመር ምረጡ። ያለ ኢንተርኔት ማለት ነው።

4. የራሳችሁን ካርታ እንድትመርጡ የሚለውን ተጫኑ። ስክሪኑ ላይ ሳጥን ይመጣል። የምትነሱበት፣ የምትደርሱበትና መንገዱ በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ካርታውን በሁለት ጣት አንቀሳቅሱት። ጠበብ አታድርጉት፤ ተሳስታችሁ ብትወጡም ከካርታው እንዳትወጡ ግራና ቀኙን ጨምሩ። ከስልኩ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚወስድ ራሱ ይነግራችኋል።

5. ማውረጃውን፣ በዕብራይስጥ "ሆራዳ" የሚለውን፣ ተጫኑና እስኪጨርስ ጠብቁ። ሳይጨርስ ስልኩን አትዝጉት።

6. የምትሄዱበትን ቦታ ፈልጋችሁ አስቀምጡት፣ በዕብራይስጥ "ሽሚራ"። መንገድ ላይ ሆናችሁ እንደገና መጻፍ አያስፈልጋችሁም።

አይፎን ያላችሁ፣ ስልኩ ከ2023 ወዲህ የወጣው አይኦኤስ 17 ወይም ከዚያ በኋላ ያለው ካለው፣ የአፕል ካርታም እንዲሁ ይወርዳል። ሌላ የምመክራችሁ ነፃ አፕ "ኦርጋኒክ ማፕስ" ይባላል፤ ማስታወቂያ የለውም፣ ካርታዎቹን ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ፈትኑት

"አውርጃለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም። ገና ቤት ሳላችሁ ስልኩን "ማጻቭ ቲሳ" ላይ፣ ማለትም አውሮፕላን ላይ ስንሳፈር በምናደርገው ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ዋይፋዩንም አጥፉ። ከዚያ ካርታውን ክፈቱና ወደምትሄዱበት ቦታ የመኪና መንገድ ጠይቁት። ካሳያችሁ ዝግጁ ናችሁ። ካላሳያችሁ ስህተቱን ያገኛችሁት ሳሎን ውስጥ ነው፣ በረሃ ላይ አይደለም። እኔ ለወላጆቼ ይህችን ፈተና አድርጌ ቢሆን ኖሮ ወንድሜ ብቻውን አይቆምም ነበር።

የወረደ ካርታ የማያውቀው ነገር

የወረደ ካርታ ዛሬ መንገድ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። መጨናነቁን፣ አደጋውን፣ የተዘጋውን መንገድ አይነግራችሁም። ይህ በክረምት በደቡብ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በጎርፍ፣ በ"ሺታፎን"፣ ምክንያት በዓራቫና በሙት ባሕር በኩል ያሉ መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ክሊታ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ ዜናውን አረጋግጡ። ጎርፍ የሚያልፍበትን መንገድ ካርታው "ሂዱ" ስላለ ብቻ አትሻገሩ።

ሁለተኛ፣ ዌይዝ ላይ ለእስራኤላውያን የተከለከሉና አደገኛ አካባቢዎችን እንዲያስቀር ማድረጊያ አለ። የወረደው ካርታ ግን እንዲህ ላይጠነቀቅላችሁ ይችላል። በይሁዳና ሰማርያ በኩል የምታልፉ ከሆነ ወደ "ሼጣህ አሌፍ" መግቢያ ላይ የተተከለውን ትልቁን ቀይ ሰሌዳ እዩ። ቀዩን ካያችሁ ስልኩ ምንም ቢል አትግቡ፣ ተመለሱ።

ሦስተኛ፣ ካርታው ያለ ክሊታ ይሠራል፤ ስልክ መደወል ግን አይሠራም። ችግር ከገጠማችሁ ክሊታ ወዳለበት ቦታ መድረስ አለባችሁ። ፖሊስ 100፣ አምቡላንስ 101፣ እሳት አደጋ 102 ነው።

ቁጥሩን አንብቡ

ይህ ዕብራይስጥ ማንበብ ለሚከብዳቸው አባቶችና እናቶች ነው። የመንገድ ሰሌዳ ላይ ፊደል ብቻ የለም፣ ቁጥርም አለ፤ ቁጥር ደግሞ ሁላችንም እናነባለን። በአገራችን በአብዛኛው ሙሉ ቁጥር ያላቸው መንገዶች፣ እንደ 2፣ 4፣ 6፣ 40 እና 90፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው፣ እንደ 1፣ 25፣ 31 እና 35፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ።

ለምሳሌ ከቤር ሸቫ ወደ ኢላት እንሂድ እንበል፤ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ40 ወደ ደቡብ እንወርዳለን፣ ሚጽፔ ራሞንን እናልፋለን፣ ከዚያ በታች ረጅም በረሃ ነው፣ ክሊታም የሚደክምበት ቦታ አለ። ኬቱራ መገናኛ ላይ 40 ያልቅና 90 ላይ እንገባለን፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ደቡብ ይዘን ኢላት እንደርሳለን። መላው ጉዞ በወረቀት ሲጻፍ ይህ ነው፦ 40፣ ኬቱራ፣ 90፣ ኢላት። ባትሪ የማያልቅበት ካርታ ይህ ነው። በጠዋት ወደ ደቡብ ስትነዱ ፀሐይ በግራችሁ መሆን አለባት፤ ይህንን ደግሞ አባቶቻችን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

ወረቀቱን የምመክረው በሌላ ምክንያትም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ጂፒኤስ ሲታወክ ስልካችን ቤይሩት ወይም ካይሮ ነን ይለን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እንዲህ ሲሆን የወረደውም ካርታ ነጥቡን ያሳስታል። ያኔ ነጥቡን ትታችሁ ሰሌዳውንና ቁጥሩን ተከተሉ።

ከመውጣታችሁ በፊት

ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው። የመኪና ቻርጀር ያዙ። ስልኩን በመያዣው ላይ አስሩት፤ እየነዱ በእጅ መያዝ የተከለከለ ነው፣ መቀጮና ነጥብ ያስከትላል። ለሁሉም የሚበቃ ውሃ ያዙ። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ።

የቤት ሥራ

በዚህ ሳምንት ከልጃችሁ ወይም ከልጅ ልጃችሁ ጋር አንድ ካርታ አውርዱ። ልጆች ሆይ፣ እናንተ እጃችሁን ወደ ኋላ አድርጋችሁ በአፍ ብቻ አስረዱ፤ የሚጫነው አባት ወይም እናት ይሁን። እናንተ ከነካችሁት የተማራችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢሳሳቱም ታገሡ።

አባዬ እንዲህ አድርጎ ተማረ። ወንድሜ ሥልጠናውን ሲጨርስ ሌላ ቴኬስ ነበር። ዋዜማውን አባዬ ራሱ ካርታውን አወረደ፣ በአውሮፕላን ሁኔታ ፈተነው፣ ቁጥሮቹን ጽፎ ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰካ። በማግስቱ ቴኬሱ ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው እማዬ ደወለችልኝ፤ "ደርሰናል፣ ሰው ገና አልመጣም፣ ወንበር ይዘናል" አለችኝ።

ለብቻችሁ ካቃታችሁ ለሌላ ጉዳይ ቢሮአችን ስትመጡ ስልካችሁን ይዛችሁ ንገሩን፤ አብረን እናወርደዋለን። መልካም መንገድ!