የዕቃን ፎቶግራፍ ከመደቡ ስለ መለየት
ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የሚጠቅም ትምህርት

በባሕር ማዶ ያለ ገዢ ዕቃውን በእጁ ዳስሶ፥ በብርሃንም አገላብጦ ሊመለከት አይችልም። ስለ ዕቃው የሚፈርደው ሻጩ በላከለት ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ በዛሬው ንግድ ፎቶግራፍ የናሙናን ቦታ ይዟል። ናሙና ደግሞ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን እውነተኛም ሊሆን ይገባዋል።

አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ገበያዎች ስለ ፎቶግራፍ ጥብቅ ደንብ አላቸው። ለምሳሌ አማዞን የተባለው ገበያ የዕቃው ዋና ሥዕል ፍጹም ነጭ መደብ እንዲኖረውና ዕቃው ከሥዕሉ 85 በመቶ ያህል እንዲሞላ ይጠይቃል። ፍጹም ነጭ ማለት በኮምፒውተር አቈጣጠር ቀዩም፥ አረንጓዴውም፥ ሰማያዊውም ብርሃን እያንዳንዱ 255 ሲደርስ ነው። በሱቅ ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ እንዲህ ያለ ንጣት በራሱ ስለማይኖረው ዕቃውን ከበስተኋላው ካለው መደብ መለየት ግድ ይሆናል።

ይህ ሥራ መምረጥ ይባላል። ኮምፒውተር ፎቶግራፉን የሚያውቀው ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የትኛው ነጥብ የዕቃው፥ የትኛውም የመደቡ እንደ ሆነ ወሰን ከልሎ ያሳየዋል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕና እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ የወጣው፥ ያለ ክፍያም የሚገኘው ጂምፕ ይገኙባቸዋል። የመምረጫ መሣሪያዎቹም በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው በቀለም የሚመርጥ ነው። በፎቶሾፕ «ማጂክ ዋንድ» የሚባለው መሣሪያ አንድ ነጥብ ሲነካ ያንን ቀለም የሚመስሉትን አጎራባች ነጥቦች ሁሉ ይሰበስባል። ምን ያህል መመሳሰል እንደሚበቃ የሚወስነው «ቶለራንስ» የተባለው ቍጥር ሲሆን፥ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ቍጥሩ ሲያንስ የመደቡ ክፍል ሳይመረጥ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ ምርጫው ወደ ዕቃው ዘልቆ ይገባል።

ሁለተኛው በእጅ የሚከለል ነው። «ላሶ» በማውስ እየተመራ የዕቃውን ዙሪያ ይከተላል። «ፔን» የተባለው ደግሞ ነጥብ በነጥብ እየተተከለ የጠራ መሥመር ስለሚያወጣ ጠርዛቸው ለስላሳና ጽኑ ለሆነ ዕቃዎች፥ ይኸውም ለጀበና፥ ለጠርሙስና ለጫማ ተስማሚ ነው።

ሦስተኛው ፕሮግራሙ ራሱ ዕቃውን ፈልጎ የሚከልልበት መንገድ ነው። ፎቶሾፕ ይህን ዐይነቱን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2018 አቅርቧል። ለፍጥነቱ የሚመሰገን ቢሆንም ሥራውን ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። በጀበናው እጀታና በሆዱ መካከል ያለውን ክፍተት የዕቃው አካል አድርጎ ሊቈጥር፥ ወይም ቀጭኑን የጀበና አፍ ሊቈርጥ ይችላል። እንዲህ ሲሆን በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የሺፍትን ቍልፍ ይዞ የጐደለውን መጨመር፥ የአልትን ቍልፍ ይዞ የተረፈውን መቀነስ ይቻላል።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ችግሩን ፎቶግራፉ ሲነሣ ማስወገድ ነው። ጥቍር ጀበና በነጭ መደብ፥ ነጭ ነጠላ ደግሞ በጠቈረ መደብ ላይ ቢነሣ ወሰኑ ጐልቶ ይታያል። ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሣ ግን በቀለም የሚመርጠው መሣሪያ ሸማውን ከግድግዳው ጋር ደባልቆ ይወስደዋል። መደቡም ከዕቃው ራቅ ቢል ጥላው በላዩ አያርፍም፤ ቀለሙም ወደ ዕቃው ጠርዝ አይንጸባረቅም።

ብዙ ጥንቃቄ የሚያሻው የነጠላው ዘርፍ ነው። የዘርፉ ክሮች ቀጫጭን ስለ ሆኑ እያንዳንዱን በእጅ መከለል አድካሚ ነው፤ በግምት ቢቈረጡ ደግሞ ሸማው በመቀስ የተላጨ ይመስላል። ለዚህ ፎቶሾፕ «ሴሌክት ኤንድ ማስክ» በተባለው ክፍል ውስጥ ጠርዝን የሚያጣራ ብሩሽ አለው። ሥዕሉን እስከ 200 በመቶ አጕልቶ፥ ብሩሹን በክሮቹ ላይ ብቻ ማሳለፍ ይገባል። በጠርዙ ዙሪያ የቀድሞው መደብ ቀለም እንደ ክር ቀርቶ እንደ ሆነም መመልከት ያሻል።

ወሰኑ ከተከለለ በኋላ መደቡን አጥፍቶ መጣል አይመከርም። ይልቁንም «ማስክ» በተባለው መሸፈኛ መሰወር ይሻላል። በማስኩ ላይ ጥቍር ቀለም ይሰውራል፥ ነጭ ቀለም ይገልጣል፤ ስለዚህ ስሕተት ቢገኝ መመለስ ይቻላል። መደብ አልባውን ሥዕል ለማስቀመጥ «ፒኤንጂ» ይመረጣል፤ «ጄፔግ» ባዶ መደብን ሊይዝ አይችልምና።

በመጨረሻ ነጋዴ ሊያስብበት የሚገባው ዋና ነገር አለ። ወሰን የሚከልል እጅ ዕቃውን ከመደቡ እንደሚለይ ሁሉ ጕድለቱንም ከዕቃው ለይቶ ሊሰውር ይችላል። በቦርሳው ቆዳ ላይ ያለን ጠባሳ ማጥፋት ወይም የጥለቱን ቀለም ከእውነተኛው ይልቅ ማድመቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ገዢው የተላከለትን ዕቃ ከፎቶግራፉ ጋር ያስተያያል። ያልተስማማ ከሆነ ከዕቃው መመለስና ከጭነቱ ኪሳራ በላይ የሚጐዳው የሻጩ ስም ነው። ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል።

እንግዲህ ፎቶግራፉ ከመላኩ በፊት ዕቃውን ራሱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጦ ቅርጹን፥ ጠርዙንና ቀለሙን በየተራ ማመሳከር ይገባል። ከመደቡ በቀር ከዕቃው የጐደለ ነገር ካልተገኘ ምርጫው በሚገባ ተፈጽሟል ማለት ነው።