የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር አንድ ነጋዴ ነበረ። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ቤተሰቡ የጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበርና የሸክላ ውሃ ማጣሪያ ገዛ። ከላይ ደፍራሽ ውሃ ሲጨመርበት ከታች የጠራ ውሃ ይወርድ ነበር። ሰውየውም ደስ ብሎት፣ «ከእንግዲህ ወዲህ በሽታ ወደ ቤታችን አይገባም» አለ። ነገር ግን ታናሹ ልጅ ተቅማጡ አልተወውም።

ሴት ልጁም፣ «አባባ፣ ውሃው መጥራቱን በዓይናችን አየን፤ ንጹሕ መሆኑን ግን በምን አወቅን?» ብላ ጠየቀችው። አባትየው አልተቆጣም፤ ወደ ጤና ሠራተኛ ሄዶ ሁለት የመመርመሪያ ጠርሙሶች ይዞ ተመለሰ። በጠርሙሶቹ ውስጥ መድኃኒት የተነከረ ወረቀት ነበረ፤ ከሰገራ የሚመጡ ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ ካሉ ውሃው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይጠቁራል። በአንዱ ያልተጣራውን፣ በሁለተኛው የተጣራውን ውሃ ሞልተው ሙቀት ባለበት ስፍራ አኖሩ።

በሁለተኛው ቀን ቢያዩ ሁለቱም ጠቁረዋል። አባትየው ደነገጠ። ሸክላውን ፈትቶ በውሃ ውስጥ ከነከረው በኋላ በአንገቱ በኩል እፍ ቢልበት፣ ከአንድ ስፍራ አረፋ እየተከታተለ ወጣ። በዚያም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። ሸክላው ጭቃውን ያስቀር ነበር፤ ተሕዋስያኑ ግን በስንጥቁ ያልፉ ነበር። ስለዚህ ሸክላውን በአዲስ ለወጠ፤ የውሃውንም ማጠራቀሚያ በፈላ ውሃ አጠበ። ዳግመኛም ፈተኑ፤ ያልተጣራው ጠቆረ፣ የተጣራው ግን ሳይለወጥ ቀረ።

አባትየው ሊያመሰግን ሲሄድ፣ ጤና ሠራተኛው እንዲህ ሲል አስጠነቀቀው፦ «በስምጥ ሸለቆ ባሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ውስጥ ፍሎራይድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ሲበዛ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የሸክላ ማጣሪያ አያስቀረውም፤ ውሃ ማፍላትም አያጠፋውም። የአጥንት ከሰል ግን ይቀንሰዋል። ስለዚህ የጉድጓዱን ውሃ ለብቻው አስመርምር።»

አባትየውም እንደ ተነገረው አደረገ፤ ማጣሪያውንም በየጊዜው ይፈትን ጀመር። ዓይን ስለ ጥራት ይመሰክራል፤ ስለ ንጽሕና ግን የሚመሰክረው ምርመራ ነው። ብልህ ሰው የሚታመንበትን ነገር አስቀድሞ ይፈትናል፤ ልጅም ቢጠይቅ ጥያቄውን አይንቅም።