የዝንጀሮ ራስ ለምን ከግድግዳው ወጣ?

ከሰቆጣ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የውቅሮ መስቀል ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የሚጎበኝ ሰው ፊቱን ሲያይ የአናጺና የግንበኛ ሥራ ይመስለዋል። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኑ ከአለት የተፈለፈለ ነው፤ እንጨት የሚመስለውም ድንጋይ ነው። ፈልፋዮቹ የተከተሉት በእንጨትና በድንጋይ ይሠራ የነበረውን የአክሱም ዘመን የግንባታ ስልት ነው። የስልቱን እውነተኛ እንጨት በላስታ ዋሻ ውስጥ ባለው በይምርሐነ ክርስቶስና በትግራይ በሚገኘው በደብረ ዳሞ እናገኘዋለን። በደብረ ዳሞ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት የእንጨት ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እነዚህ ራሶች ጌጥ ናቸው ወይስ ሥራ አላቸው?

ግድግዳው እንዴት ይፈርሳል?

በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፊት አለው፤ መካከሉ በጥቃቅን ድንጋይና በጭቃ ይሞላል። ጭቃ መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም ለማለት ይቻላል። የዝናብ ውኃ ወደ ውስጥ ሲገባ ሙሌቱ ይለሰልሳል፤ በክብደቱም ሁለቱን ፊቶች ወደ ውጭ ይገፋል። ፊቶቹን እርስ በርስ የሚያስር ነገር ከሌለ ግድግዳው ይነፋል፤ በመጨረሻም ይናዳል። እንግዲህ ችግሩ ድንጋዩ አለመጠንከሩ ሳይሆን ማያያዣ ማጣቱ ነው።

የጥንት ግንበኞች መልስ እንዲህ ነበር። በግድግዳው ርዝመት በሁለቱም ፊቶች በኩል አግዳሚ እንጨቶችን አጋደሙ። በላያቸውም ግድግዳውን ከፊት እስከ ጀርባ የሚያቋርጡ አጫጭር ተሻጋሪ እንጨቶችን አኖሩ። ተሻጋሪው አግዳሚውን በሚያገኝበት ቦታ ጎድጎድ ተደርጎ ስለሚቆረጥ አግዳሚውን ይነክሰዋል። ከንክሻው አልፎ ወደ ውጭ የሚታየው ጫፍ የዝንጀሮ ራስ ነው።

ስሌቱን እንሥራ

ለማሳያ ያህል ተሻጋሪው እንጨት 10 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ንክሻው 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ይሁን። ግድግዳው ሊነፋ ሲል አግዳሚው ራሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እንፈትሽ።

አንደኛ፣ እንጨቱ ንክሻው ላይ ተስቦ ይበጠሳል ወይ? የቀረው ስፋት 7 በ10 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 7000 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። እንጨቱ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 5 ኒውተን መሳብ ይችላል ብንል 35 ኪሎ ኒውተን ይሸከማል።

ሁለተኛ፣ ራሱ በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ተላጦ ይወጣል ወይ? እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በካሬ ሚሊ ሜትር 1 ኒውተን ብቻ እንውሰድ። ራሱ ከንክሻው 5 ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ የሚይዘው ገጽ 50 በ100 ሚሊ ሜትር ነው፤ አቅሙም 5 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ቢያልፍ 10 ኪሎ ኒውተን ይሆናል።

ከዚህ ምን እንማራለን? እንጨቱ ለ35 ቢበቃም መጋጠሚያው በ5 ይለቃል። የማያያዣው አቅም የሚወሰነው በደካማው ክፍል ነው፤ ደካማው ደግሞ ራሱ ነው። ይህን ራስ «ግድግዳውን ያበላሻል» ብሎ ከንክሻው እኩል የሚቆርጥ አዳሽ ጌጥ የቆረጠ ይመስለዋል፤ የቆረጠው ግን ማሰሪያውን ነው። እርግጥ ነው፣ ራሱን ማስረዘም ወሰን አለው፤ ኃይሉ በርዝመቱ ላይ እኩል አይከፋፈልምና። ወደ ውጭ የወጣ እንጨትም ዝናብ ያገኘዋል፤ ስለዚህ ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ ያሻዋል።

ንክሻ የት ይጎዳል?

ያው 3 ሴንቲ ሜትር ንክሻ በጣሪያ ተሸካሚ እንጨት መካከል ቢቆረጥስ? የመታጠፍ አቅም ከከፍታው ካሬ ጋር ይሄዳል፤ 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ነው። በመሳብ ረገድ 30 በመቶ ያጎደለው ቁርጥ በመታጠፍ ረገድ ግማሹን ያህል ያጠፋል። አግዳሚዎቹ ግን በርዝመታቸው ሙሉ በግንቡ ላይ ስለሚያርፉ ብዙም አይታጠፉም። ስለዚህ ተመሳሳይ ቁርጥ በአንድ ቦታ ጥበብ፣ በሌላ ቦታ ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ለዛሬው ግንበኛ

ጥያቄው በኮንክሪትም ያው ነው። የቢሙ ፌሮ ኮለኑ ፊት ላይ ቢቆም ራሱ እንደ ተቆረጠ ተሻጋሪ ነው። ወደ ኮለኑ ውስጥ ዘልቆ፣ ታጥፎ፣ በስታፋም ታስሮ መያዝ አለበት። በማእዘን ላይ የሚገናኙ የቶፕ ታይ ቢም ፌሮዎችም ማእዘኑን ዞረው መተላለፍ ይኖርባቸዋል። ይህ በተለይ መሬት ስትንቀጠቀጥ ይታያል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች። የዋግ ደጋም ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ብዙ የራቀ አይደለም።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ድሩ አንበሳውን የሚያስረው ግን ቋጠሮው ካልላላ ነው። አንባብያን ሆይ፣ በሰፈራችሁ በሚሠራ ቤት አጠገብ ስታልፉ ግድግዳውን ብቻ አትመልከቱ፤ ማእዘኑን፣ የጣሪያና የግድግዳውን መገናኛ፣ የፌሮውንም ጫፍ ተመልከቱ። ከዚያም «ይህ ቢሳብ የሚለቀው የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለልምምድም ከላይ ባለው ስሌት ንክሻውን 4 ሴንቲ ሜትር፣ ራሱን 8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚለቅ ፈልጉ።